የተጫነ መኪና አይዋሽም

አባቴ አክሲዮን መግዛት የተማረው ከባሌስትራ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው የጭነት መኪኖች በሚመዘኑበት ጣቢያ ስለነበር፣ አንድ መኪና ገና ከሩቅ ሲመጣ ከጎማው በላይ ያለውን ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራውን፣ አይቶ የያዘውን ክብደት ይናገር ነበር። «ባዶ መኪና ይዘላል፤ የተጫነ መኪና ይሰግዳል» ይላል። ሾፌሮች ወረቀታቸው ላይ ሌላ ነገር አጽፈው ሲመጡ ይስቅባቸዋል። «ሰው ይዋሻል፣ ወረቀትም ይዋሻል፤ የተጫነ መኪና ግን አይዋሽም።» ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራው «ባለሚዛኑ» ብሎ ነው።

ጉልበቱ እምቢ ሲለው ጊዜው ሳይደርስ በጡረታ ወጣ። የጡረታ ገንዘቡንም በየወሩ ከመቆንጠር ይልቅ በአንዴ ተቀበለና፣ ከከተማው መውጫ ላይ ያለው የወለል ሴራሚክ ፋብሪካ አክሲዮን ሲሸጥ፣ ሁሉንም እዚያ ላይ አፈሰሰው። ለክፉ ቀን የሚሆን እንኳ አላስቀረም። እኔ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አክሲዮን ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ፋብሪካው ውስጥ ድርሻ አለን ማለት ነው» አለኝ። እኔ ድርሻውን ትቼ ፋብሪካውን ያዝኩ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ገብቼ ፋብሪካ አለን ብዬ አወራሁ፤ አንዷ ልጅ «ታዲያ ጫማሽ ለምን ተቀደደ?» አለችኝ። ሀብታሞች ቆጣቢ እንደሆኑ አስረዳኋት።

ከትምህርት ቤት ስወጣ አባዬን የማገኘው ከፋብሪካው በር ትይዩ ካለው ጎሚስታ ቤት ነው። አንድ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ የታመመ እግሩን ዘርግቶ በሩን ያያል። ጎሚስታው የተነፈሰ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ እየፈለገ ያሾፍበታል።

«ጌታዬ፣ ዛሬስ ፋብሪካዎ እንዴት ዋለ?»

«እየው እንጂ!» ይላል አባዬ። በሩ ይከፈትና መኪና ይወጣል። የኋላው ተጭኖ፣ ባሌስትራው ተለጥጦ፣ አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። «ሰገደ!» ይለኛል አባዬ፣ ትከሻዬን ጨብጦ። «አየሽ? ይሄ ሁሉ ተሽጦ ነው።» ማታ ላይ እነዚያው መኪኖች ባዷቸውን እየዘለሉ ሲመለሱ ደግሞ «አራግፈው መጡ» ይላል። እኔም ከእሱ ጋር እጨበጭባለሁ። እስከ ዛሬ የጭነት መኪና ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ጎማው ላይ ነው።

አሁን እኔም ከደመወዜ ለጡረታ ይቆረጥብኛል፤ ጥቂት አክሲዮንም አለኝ። ስለዚህ አባዬ ያደርግ የነበረው ነገር ሞኝነት እንዳልነበረ አውቃለሁ። ወሬ ሰምቶ ከሚገዛው ከብዙው ሰው እሱ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ሄዶ ያይ ነበር። ግን የሚያየው የሚያውቀውን ብቻ ነው። ሚዛን ላይ የቆመ ሰው ጭነቱን ይመዝናል እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይጠይቅም፤ ሥራው አልነበረም።

የምትጠይቀው እማዬ ነበረች።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። የምንኖርበት ቤት የኪራይ ቢሆንም ፊት ለፊቱ ላይ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ሰፊ መስኮት ነበረው። የስፌት መኪናዋ ሲንጀር እዚያ ሥር ነው የተቀመጠው። ዓይኗ ከዓመት ዓመት እየደከመ ስለሄደ፣ መርፌ ክር የምታገባው እጇን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ነው። ያን ዓመት አከራያችን ወደ ልጇ ዘንድ ልትጠቃለል ሆነና ቤቱን ልሸጥ ነው አለች። ቅድሚያውን ለእኛ ሰጠችን፤ ጊዜውም ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ ነው።

«ሽጠው» አለች እማዬ። «አሁን ያለበት ዋጋ ላይ ትንሽ ብንበደርበት ቤቱን ይገዛልናል።»

«ትንሽ ታገሺ። ሳንበደር እንገዛዋለን። መኪኖቹን አላየሽም?»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ገዢ ዘንድ ነዋ! ሴራሚክ ሽርሽር ይሄዳል እንዴ?»

እኔ ከአባዬ ጋር ሳቅሁ። እማዬ አልሳቀችም። ፔዳሉን መርገጥ ጀመረች፤ ሲንጀሩም እኛን የሚሳደብ ይመስል ተንጣጣ። ያኔ እማዬ ጥሩ ነገር ሲመጣ ደስ የማይላት ሰው ትመስለኝ ነበር።

አክሲዮን የሚያሻሽጠው ሰው ቢሮ ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ነው። በውስጡ አንድ መስኮት የተቆረጠበት የእንጨት ግድግዳና አንድ ጥቁር ሰሌዳ አለ። የአክሲዮኑን ዋጋ በጠመኔ ይጽፍበታል። አባዬ በሄደ ቁጥር ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያገኘዋል፤ በመንገድ ላይ እያነከሰም ቢሆን ያፏጫል። የድሮ የሥራ ጓደኞቹም ነገሩን ሰምተው ቤት መጡ። አንደኛው ዝም ማለት ስለማያውቅ «ዝምታ» የሚሉት ሰውዬ ነው። ሁለተኛው ትኬት ቆራጩ ነው፤ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ሦስተኛው የጣቢያው የጥበቃ አለቃ የነበሩት፣ ከዘራ ይዘው የሚሄዱት ሽማግሌ ናቸው፤ ሚስታቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል።

«ባለሚዛኑ ካለ አለቀ» አሉ ባለከዘራው። ሦስቱም ጡረታቸውን ይዘው ገቡ። ሰሌዳውም እንደገና ከፍ አለ፣ አባዬም «አላልኳችሁም?» አለ። ከፍ ያደረጉት እነሱ ራሳቸው መሆናቸው ያኔ ለማንም አልታየም። በዚያች ከተማ አክሲዮኑን የሚገዛው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር፤ አባዬና ጓደኞቹ በሰሌዳው ላይ ያዩት የገዛ ገንዘባቸውን ነው።

ትምህርት ሊዘጋ ሲቃረብ አባዬ ለጉልበቱ ሕክምና የሄደበት አንድ ቀን፣ እኔ እንደ ልማዴ ወደ ጎሚስታው ሄድኩ። አባዬ የሚቀመጥበት ጎማ ባዶ ነበር። ቀና ስል እማዬን ከፋብሪካው በር አጠገብ አየኋት። የክት ቀሚሷን ለብሳለች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። እማዬ ወደዚያ መጥታ አታውቅም።

ልጠራት አፌን ስከፍት መኪና ወጣ። አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። ሾፌሩ በሩን ከፈተላት። እሷም ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን አነሳች፣ ወጣች፣ በሩ ተዘጋ። ሾፌሩ የሆነ ነገር ሲላት ስትስቅ አየሁ። ከዚያ መኪናው ሰገደና ሄደ።

ከሰፈራችን የአንዷ ልጅ እናት ከሾፌር ጋር ኮብልላለች ሲባል ሰምቼ ነበር። ሴቶቹ እማዬ ዘንድ ልብስ ሊለኩ ሲመጡ የሚያወሩት እሱን ነበር። ያቺ ልጅ ከዚያ ወዲህ ፀጉሯ ሳይጎነጎን ነው ትምህርት ቤት የምትመጣው። ጎሚስታውን አየሁት፤ እሱም አየኝና ቶሎ ብሎ ወደ ውሃው አቀረቀረ። ይህ ነገሩን አረጋገጠልኝ። መኪናው ከዳገቱ ጀርባ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁ፤ ከዚያ ወደ ቤት ሮጥኩ። ሲንጀሩ ላይ ያልተጨረሰ እጅጌ ተሰክቶ ቀርቷል። እጅጌውን አቅፌ ተቀመጥኩ።

ቀኑ ሊመሽ ሲል ተመለሰች። ጫማዋ በነጭ አቧራ ተሸፍኗል። «ምነው ልጄ፣ ራበሽ?» አለችኝ። ትታን ሄዳ፣ መንገድ ላይ እኔን አስታውሳ የተመለሰች መሰለኝ። ምንም አልተነፈስኩም። ከተናገርኩ ሐሳቧን የምትቀይር መሰለኝ።

አባዬ ሲመጣ ወደ ጓዳ ላከችኝ። መጋረጃው ስስ ነበር።

«ከሾፌሩ ጋር ሄድኩ» አለችው።

«ምን?»

«መኪናው ላይ ወጥቼ። እስከ መጨረሻው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?»

«አንተ ጠይቀህ ቢሆን እኔ ባልሄድኩ። በዓይኔ ነው ያየሁት። እስከ ጣሪያው ድረስ ሞልቷል። ውጭ የተቆለለው ካርቶን በዝናብ ረጥቦ ፈራርሷል። የሚጠይቀው ሰው የለም።»

አባዬ ያልለመድኩት ድምፅ አወጣ።

«እንግዲህ ምን ይሻላል?»

«ነገ ጠዋት መጨረስ ነው። ማንም ሳይሰማ።»

«ጓደኞቼስ?»

«ጓደኞችህ ምን?»

«እኔን ብለው ነው የገቡት።»

«መጀመሪያ የራስህን! አንተ ሰው፣ መጀመሪያ ቤትህን!»

የሰማሁት ይህን ነው፤ የገባኝ ደግሞ እናቴ መሄዷን ራሷ እንደተናገረችና ነገ ጠዋት ትዳራቸውን እንደሚጨርሱ ነው። ስለ ካርቶኑ የተባለው ሊገባኝ ስላልቻለ ተውኩት። አሁን የማውቀው፣ እማዬ የደረሰችበት ከከተማው ውጭ ያለ የኪራይ መጋዘን እንደነበር ነው። ፋብሪካው የሚያመርተውን የሚገዛው አጥቶ፣ ግቢው ሲሞላበት እዚያ ያከማች ነበር። መኪኖቹ በእውነት ተጭነው ነበር የሚወጡት፤ በእውነትም አልዋሹም። አባዬ ያጨበጨበላቸው ያልተሸጠ ዕቃ ወደ መቃብሩ ሲሄድ ነው።

ጠዋት አባዬ ሲንጀሩ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ፈረመና ለእማዬ ሰጣት። እሷም ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ልትወጣ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞረች።

«አትዘግይ» አለችው። «ሰልፉን እይዛለሁ።»

አባዬ እኔን እጄን ያዘኝ። «ነይ፣ ጓደኞቼ ዘንድ እንሂድ» አለኝ። ሽማግሌ ሊሰበስብ ነው፣ እናቴን ሊያስፈርድባት ነው ብዬ ወደ ኋላ ተጎተትኩ። እሱ በታመመ ጉልበቱ እየሮጠ ነበር ማለት ይቻላል፤ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል።

ዝምታ ቤት ስንደርስ ውጭ ቁሚ አለኝ። በመስኮቱ የዝምታ ጩኸት ወጣ። «ምን አልክ አንተ? ምን አልክ?» የአባዬ ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የእኔ ነው ያልኩህ።» እንባዬ መጣ። እማዬ አጥፍታ ጥፋቱን እሱ ሲወስድላት ስሰማ ከዓለም አባቶች ሁሉ የእኔ እንደሚበልጥ አወቅሁ። በዚህ አልተሳሳትኩም፤ ምክንያቱ ነው የተሳሳተው።

ዝምታ ካፖርቱን በአንድ እጁ ብቻ አጥልቆ እየሮጠ ወጣ። ትኬት ቆራጩ ግን በሩን ከፍቶ ሰማና ከላይ እስከ ታች አየው። «ዋጋው እየወጣ ሽጥ ትለኛለህ? በርካሽ ልትለቃቅመው ነው አይደል?» ብሎ በሩን ዘጋው። አባዬ የተዘጋውን በር ደጋግሞ አንኳኳ። «ስለ ልጆችህ ብለህ ስማኝ!» አለ። አልተከፈተም። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ አባዬ በዚያ በር ላይ ያጠፋው ጊዜ የእኛ ጊዜ ነበር።

መጨረሻ ላይ ባለከዘራው ዘንድ ደረስን። ሚስታቸውን በማንኪያ እያጎረሱ ነበር። አባዬ የሚናገረውን ቆመው ሰሙ፤ ማንኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ተቀመጥና ውሃ ጠጣ» አሉት። «ትሞትብናለህ።» አባዬ እንደማይቀመጥ ሲያዩ ከዘራቸውን አነሱ። «አንተ እሷን አጉርስልኝ። እኔ ካንተ እግር እሻላለሁ።» ሌላ ሰው አልነበረም። አባዬ ወደ በሩ አየ፣ ወደ አልጋው አየ፣ ማንኪያውን አነሳ። እኔም እኚህ ሰውዬ እናቴን ሊዳኙ ብቻቸውን ሄዱ ብዬ እስከ በሩ ተከተልኳቸው።

ጎረቤታቸው መጥታ ስትተካን ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ነበር። የአሻሻጩ ቢሮ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ይጮሃል። ፋብሪካው የማታውን ፈረቃ ሠራተኛ እንዳሰናበተ ወሬው ወጥቷል። ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ ተጠርጎ፣ ተጽፎ፣ እንደገና ተጠርጎ፣ ጠመኔው እንደ ጉም ሆኗል። መጨረሻ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። የእንጨቱ መስኮት ተዘግቷል።

እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ደረሰሽ?» አላት አባዬ።

ራሷን ነቀነቀች። «ተራዬ ሳይደርስ ዘጉት።»

አባዬ መሬት ላይ ቁጭ አለ። በሰው ፊት፣ አቧራው ላይ። «በእኔ ነው» አለ። «በእኔ ነው፣ በእኔ ነው።» እማዬ ጎንበስ ብላ ብብቱ ሥር ይዛ አነሳችው። እኔም እየሮጥኩ ሄጄ ቀሚሷን ያዝኩና አልለቅም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ፈርደውላት፣ አባዬ ይቅር ብሏት፣ ተመልሳ የእኛ የሆነች መስሎኝ ነው።

ትምህርት ሲዘጋ ከዚያ ቤት ወጣን። አዲሱ ቤት አንድ ክፍል ነበር፤ መስኮቱ የሚያየው የሰው ግድግዳ ነው። ሲንጀሩ ቀኑን ሙሉ በአምፖል ሥር ሆነ። አባዬ የአንድ ድርጅት ዘበኛ ሆኖ ገባ፤ ከሥራ ሲመለስ ሁልጊዜ መርፌውን ከእጇ ወስዶ ክር ያገባላታል። እኔ ግን ለብዙ ጊዜ መኪና በሰፈራችን ባለፈ ቁጥር እማዬን ዞር ብዬ አያት ነበር። ገበያ ስትሄድ ቀሚሷን እይዛለሁ። ሰው ሲጠይቃት «ቤት ስንቀይር ደንግጣ ነው» ትላለች። ቤቱን ያጣነው እሷ መኪና ላይ በመውጣቷ እንደሆነ ለራሴ ነግሬ ነበር ያደግሁት። ሳድግ ነገሩን ቀስ በቀስ አስተካከልኩት፤ አክሲዮኑን፣ መጋዘኑን፣ ሰልፉን አንድ በአንድ ደረስኩበት። ሁሉንም የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

አባዬ ካረፈ በኋላ እማዬ እኔ ዘንድ ነው የምትኖረው። ባለፈው ሰሞን ስልኬን አውጥቼ የአክሲዮኖቼን ዋጋ ሳይ አጠገቤ መጣች።

«ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?»

«ወርዷል ማለት ነው።»

«አሁን ያለ ሰልፍ ነው የሚሸጠው?»

«ያለ ሰልፍ። በጣት ነክቶ ነው።»

«ጥሩ ነው» አለች። «ከኋላሽ ማን እንደቆመ አታዪም።»

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ደግሞ መስኮቱን እያየች ነበር። እኔ ቤት ሰፊ መስኮት አለ፤ ቤቱን የገዛሁት ስለ እሱ ነው።

«ተራዬ ደርሶ ነበር እኮ» አለች።

«የቱ ተራ?»

«ያን ቀን። መስኮቱ ላይ ደርሼ ነበር። ሰውዬው ‹አንድ ገዢ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ከዚህ በኋላ እዘጋለሁ› አለ። አባትሽ የፈረመልኝን ወረቀት ሳወጣ ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል እሳቸው ናቸው። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ‹ሽጪ ልጄ፣ ተራሽ ነው› አሉኝ። ቢያንስ ቢጋፉኝ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ በክርኔ ገፍቼ እሸጥ ነበር።»

«እማዬ።»

«‹እርስዎ ይለፉ፣ እኔ ባለቤቴን እየጠበቅሁ ነው› አልኳቸው። አለፉ፣ ሸጡ፣ መስኮቱ ተዘጋ።»

ስልኬን አስቀመጥኩ። ዓመታት ሙሉ በአምፖል ሥር ያጠፋችው ዓይኗ ፊቴ ላይ ነበር፤ የግራው አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚያየው።

«አባዬ እስኪሞት ድረስ በእኔ ነው እያለ...»

«አውቃለሁ።»

«ለምን አልነገርሽውም?»

«ብነግረው ለባለከዘራው መንገር አይቀርለትም ነበር፤ አፉ አይችልም። እኚያ ሰውዬ ደግሞ የሚስታቸውን መድኃኒት የገዙበትን ገንዘብ ይመልሱልኝ ነበር።» ፈገግ አለች። «ደግሞስ በየጠዋቱ ሻይ አፍልቶ አልጋዬ ድረስ ያመጣልኝ ነበር። ይቅርታ መሆኑ ነው። ብነግረው ሻዩ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ እያለቀስኩ ነበር። እንባዬን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

«አንቺ ግን» አለች፣ «ያን ጊዜ ቀሚሴን ይዘሽ አልለቅም ያልሽው ለምን ነበር? ቤት ስንቀይር ደንግጣ ነው እያልኩ ለሰው ስናገር ኖሬ፣ እኔ ራሴ ግን አላመንኩትም።»

ነገርኳት። ጎሚስታውን፣ የክት ቀሚሷን፣ ሾፌሩ በሩን ሲከፍትላት፣ ስትስቅ። ሙሉውን ሰማች። መጀመሪያ ልትስቅ ነበር፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ያን ሁሉ ዓመት ቀሚሷ ላይ የነበረችው ትንሽ እጅ ምን ፈልጋ እንደነበር ገባት። እጄን ይዛ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ሞኝ» አለችኝ። «እኔ ብሄድ ኖሮ ማን ሰልፍ ይይዝላችሁ ነበር?»